ከኡኬ የመጡ ነቀዞች

የካቲት 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ነቀምቴ

ይህ ደብተር የነቀዝ ደብተር ነው። ሌላ ነገር እንዳልጽፍበት ገና ከመጀመሪያው ገጽ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

ልጄ ዘርፈሽ ትናንት ከመዘምራን ጓደኞቿ ጋር ገጠር ወርዳ ስትመለስ የተነቀዘ በቆሎ በጨርቅ ቋጥራ አመጣችልኝ። «አባ፣ የኡኬ በቆሎ ነው። በነቀዝ የሚስተካከለው የለም» አለች። እውነቷን ነው። ቋጠሮውን ስፈታው ከበቆሎው ነቀዙ ይበዛል። ባለቤቴ ወርቂቱ «ሰው ነቀዝ ከቤቱ ያስወጣል፣ የእኔ ባል ያስገባል!» ብላ ሳቀችብኝ።

ሁለት ጠርሙስ ሞላን። «ሀ» የትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ መስኮት ላይ እንዲሁ ይቀመጣል። «ለ» ከሥሩ ፋኖስ ባለው ሣጥን ውስጥ ገብቶ አንድ ወር በሠላሳ አምስት ዲግሪ ይሞቃል። ምክንያቱ ይህ ነው። በነቀዝ አካል ውስጥ፣ ለዚሁ በተለዩ ሴሎቿ ውስጥ፣ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። በሽታ አይደሉም። ነቀዟ በቆሎ ብቻ በልታ የማታገኘውን ምግብ ይሠሩላታል፤ እሷም ታኖራቸዋለች። ሙቀቱ ነቀዟን ሳይገድል እነሱን ይጨርሳል ይባላል። ያለ እነሱ የሚፈለፈሉት ልጆቿ ምን እንደሚመስሉ ለማየት ነው ይህ ሁሉ ድካም። በግንቦት ለወላጆች ቀን የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ የሚያቀርቡት ይህን ነው።

ማንኛውም ናሙና ወረቀት ይኖረዋል፦ ምንጭ፣ ቀን፣ ተንከባካቢ። ሁሉም በስም። ይህን ሕግ ለተማሪ ሁሉ ዐሥራ ስምንት ዓመት ለፍልፌአለሁ። ዘርፈሽ ወረቀቶቹን ጽፋ ከጠርሙሶቹ ጀርባ ለጠፈቻቸው። ጽሕፈቷ ከእኔ ያምራል።

የካቲት 9

ጠዋት 33። ቀትር 36! ክሩን ዝቅ አደረግሁ። ፋኖሱ ጨሰ፣ ብርጭቆው ተሰነጠቀ። ከጉራጌው ሱቅ ሌላ አመጣሁ። ማታ 35። ነቀዞቹ ይንቀሳቀሳሉ።

የካቲት 14

አምና አገሩ የገባው የሰላም ጓድ መምህር ትቶልኝ የሄደውን መጽሔት ዛሬ በክፍል ውስጥ አነበብኩላቸው። በየሴላችን ውስጥ ምግብ አቃጥላ ኃይል የምትሰጠን ማይቶኮንድሪያ ጥንት ራሷን ችላ የምትኖር ባክቴሪያ ነበረች የሚል ነው። አንድ ትልቅ ሴል ውስጥ ገባች። አልተፈጨችም፤ እሷም ሴሉን አልገደለችም። ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደራረብ አንዱ ያለ ሌላው መኖር አቃታቸው። ብዙ ሊቃውንት ይስቁበታል ይላል መጽሔቱ። እኔ ግን የነቀዞቹን ነገር ሳይ አልሳቅሁም። ነቀዟ ውስጥ ያሉት በዚሁ ጉዞ ገና መንገድ ላይ ያሉ ይመስሉኛል፤ ማይቶኮንድሪያ ግን ደርሳ ቤተኛ ሆናለች።

ዘርፈሽ እጇን አወጣች። ቤት «አባ» ትለኛለች፣ ክፍል ውስጥ ግን «መምህር» ነኝ።

«መምህር፣ የነቀዟ ባክቴሪያዎች የሚወረሱት ከእናት ብቻ ነው?»

«ከእናት ብቻ። በእንቁላሏ ውስጥ ያልፋሉ።»

«ከአባትስ? ምንም?»

«ምንም» አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። ያቺ «ምንም» ቀኑን ሙሉ አልለቀቀችኝም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

የካቲት 19

ቃሌን ላፈርስ ነው። ሌላ የምጽፍበት የለኝም።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ተረፋ እንደ ሁልጊዜው በኦሮምኛ «ባርሲሳ»፣ መምህር፣ ብሎ ጠራኝ። ተረፋ ድሬሰር ነው፤ በየሳምንቱ ገጠር እየወረደ ለሳንባ ሕመምተኞች መርፌ ይወጋል። ወርቂቱና ዘርፈሽ እስኪርቁ ጠብቆ፣ «ባርሲሳ፣ ድርቤ የምትባል ሴት ታውቃለህ?» አለኝ።

ወርቂቱና ዘርፈሽ ምን ያህል እንደራቁ ዞሬ አየሁ።

«ጊዳ አያና ነበረች። አሁን ከትልቋ ልጇ ጋር ኡኬ ነው የምትኖረው። ሳንባዋን ታማለች። ‹ወልደገብርኤልና ወርቂቱ ልጅቱን ይዘው ይምጡልኝ። ሳልሞት› ብላሃለች። እኔ የምን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አንተንም አልጠይቅህም።»

ስለ ዘርፈሽ ይህን የምናውቅ ሰዎች በጣት የምንቆጠር ነን። በ1948 ጊዳ አያና አስተማሪ ሳለሁ ወርቂቱ ሁለት ልጅ ወልዳ ሁለቱንም ቀብራ ነበር። ድርቤ ባሏ ሲሞትባት ነፍሰ ጡር ነበረች። የወርቂቱ አጎት ኦቦ ሞረዳ መሐል ገቡና በጉዲፈቻ ወግ ልጅቱን በአርባ ቀኗ ሰጠችን። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ቃል አሳሰሩን፦ «ይህች ልጅ ከእናንተ ወገብ ወጣች። መጣች እንጂ አልተወለደችም ያለ ምላሱ ይድረቅ።» ድርቤም ማለች፣ እኛም ማልን። በዓመቱ ወደ ነቀምቴ ተዛወርኩ።

ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ምላሴ አልደረቀም። ዛሬ ደርቋል።

የካቲት 27

ለወርቂቱ ገና አልነገርኳትም። ዛሬ ነገ እላለሁ።

አልወስዳትም፣ ምክንያት አለኝ። ሳንባ ነው! ሰው ሳል ላለባት ሴት ልጁን ይዞ ይሄዳል? የሳንባውም ተህዋስ ባክቴሪያ ነው፤ እሱም ሴል ውስጥ ገብቶ ነው የሚኖረው። የነቀዟም ባክቴሪያ ሴል ውስጥ ነው የሚኖረው። አንዱ ይገድላል፣ አንዱ ያኖራል። ልዩነቱ ምንድን ነው ብዬ ሙሉ ምሽት መጽሔቱን አገላበጥኩ። እንደገባኝ ከሆነ ነገሩ የመውጫ በር ነገር ነው። ገዳዩ ከሰው ወደ ሰው በሳል ይዘላል፤ የገባበት ቤት ቢቃጠል ግድ የለውም፣ ሌላ ቤት አለው። ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚያልፈው ግን ሌላ በር የለውም። ቤቱ ከፈረሰ አብሮ ያልቃል። ስለዚህ ቤቱን የሚጎዳው ዘር እየጠፋ፣ ቤቱን የሚጠብቀው እየተረፈ ይሄዳል። ጨዋነት አይደለም፣ ዕጣቸው ስለታሰረ ነው።

ቁም ነገር ጻፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ያደረግሁት ለምክንያቴ ምክንያት ፍለጋ መሆኑ ገባኝና አፈርኩ።

መጋቢት 4

ነገርኳት።

ወርቂቱ ስታጥብ የነበረውን ድስት አስቀመጠች።

«አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ።

«ሳንባ ነው እኮ።»

«የከለከለህ ሳንባው ነው?»

ድስቱን መልሳ አነሳች። የታጠበውን ድስት ደግማ ስታጥብ አየሁ።

መጋቢት 12

የ«ለ» ሙቀት አለቀ። ነቀዞቹን አዲስ በቆሎ ላይ አሰፈርኳቸው። እንቁላል ይጥሉ እንደሆነ እንጠብቃለን።

ዲሬክተሩ ጠሩኝ። ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ በወላጆች ቀን «አዝጋሚ ለውጥ» የሚል ቃል እንዳይሰማ፣ ቀሳውስትም ፓስተሮችም አሉ። ሁለተኛ፣ ንግግሩ ሁሉ በአማርኛ ብቻ። «ወላጆቹ እኮ አብዛኞቹ አማርኛ አይሰሙም» አልኳቸው። «እንግዲያው ጠርሙሱን ይዩ» አሉኝ።

አያቴ ከሸዋ የመጣ ወታደር ነበር። እኔ ግን እዚሁ ነቀምቴ ተወልጄ በኦሮምኛ ነው አፌን የፈታሁት። በሕልሜ የሚመጣልኝን ቋንቋ ለልጆቼ ጠርሙስ ይተካዋል ብዬ ገምቼ አላውቅም ነበር። ደግሞ «ልጆቼ» እላለሁ፣ ብዙ እንዳለኝ።

መጋቢት 20

ተረፋ ሆስፒታሉ በር ላይ አገኘኝ። እንዳላየሁት ሆኜ ልለፍ ብዬ ነበር።

«መርፌውን ሁለት ወር ጨርሳለች። አክታዋን አይተነዋል፣ አታስተላልፍም» አለ።

«ተመስገን! ልትድን ነዋ።»

«ዘግይታ ነው የመጣችው ባርሲሳ። ሳንባዋ አልቋል። ክረምቱን አታይም።» ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «እንግዲህ ሳንባውን አትፍራው።»

ሳንባውን እንደምፈራ ማን ነገረው? ወርቂቱ ትሆናለች። ወይም ፊቴ።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። የያዝኩትን አንድ ምክንያት ቀሙኝ። አሁን በባዶ እጄ ነው የምፈራው።

መጋቢት 22

ጠርሙሶቹን ሳጸዳ የ«ሀ» ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩ። እስከ ዛሬ አላነበብኩትም ነበር።

ምንጭ፦ ኡኬ፤ የአዴ ድርቤ ጎተራ።
ቀን፦ የካቲት 4 ቀን 1964።
ተንከባካቢ፦ መምህር ወልደገብርኤል።

በኡኬ ድርቤ የምትባል ሴት ስንት አለች! የወለጋ ሴት እኩሌታዋ ድርቤ ናት። መዘምራኑ በመንገዳቸው ያገኙት ጎተራ ይሆናል። ልጅቷ ሕጌን ጠብቃ ስም ጻፈች፣ በቃ። ሌላ ነገር የለበትም።

ወረቀቱን ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወርቂቱን አላሳየኋትም። ዘርፈሽንም አልጠየቅኋትም፤ የማይጠየቅ ነገር ስለሆነ ሳይሆን ጊዜ ስላጣሁ ነው።

ሚያዝያ 6

ፋሲካ አለፈ። ጠርሙስ «ለ» ልጆች አፈራ።

የ«ሀ» ነቀዞች ሲፈለፈሉ እንደ ሁልጊዜው ጥቁር ቡናማ ናቸው፤ ክዳኑን ስትከፍት ይበራሉ። የ«ለ» ግን ገርጥተዋል፣ ቆዳቸው ልል ነው፣ ከጠበቅነው ዘግይተው ወጡ። ወረቀት ላይ ብደፋቸው ቀስ ብለው ይሄዳሉ እንጂ አንዳቸውም አልበረሩም። ከየጠርሙሱ የነቀዝ ትል ቀድጄ ሰማያዊ ቀለም ቀብቼ በማይክሮስኮፕ አየሁ። በ«ሀ» ሴሎች ውስጥ በትር የመሰሉ ባክቴሪያዎች ተጠቅጥቀዋል። በ«ለ» ውስጥ ባዶ ቤት ነው። ተማሪዎቹ በተራ እያዩ ጮኹ።

ደግሞ ከ«ሀ» ያወጣሁትን በሥጋ መረቅ ላይ ዘርቼው ነበር። ሻጋታ በቀለ እንጂ ባክቴሪያዋ አልበቀለችም። ከቤቷ ውጭ መኖር ረስታለች። ድሮ ለብቻዋ ስትኖር የሚያስፈልጋትን ሁሉ ትሠራ ነበር። ቤት ከገባች በኋላ የማያስፈልጋትን ዕውቀት እያራገፈች መጣች፤ መመለሻ የላትም።

ይህን ሳስብ ልቤ ዐረፈ። ከልቤ ዐረፈ! ዘርፈሽ ብታውቅ እንኳ ወዴት ትሄዳለች? ኡኬ ውስጥ ምን አላት? ውኃ ከምንጭ መቅዳት አታውቅ፣ ማረም አታውቅ።

አሁን የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ፊቴን ሸፈንኩ። ለዐሥራ ስድስት ዓመት ልጄን ያስተማርኳት መመለሻ እንዳይኖራት ነው? እግዚአብሔር ይይልኝ፣ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሚያዝያ 15

ዘርፈሽ ለወላጆች ቀን የምታነበውን ጽሑፍ እንዳርም ሰጠችኝ። ሁለት ገጽ ነው፣ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦

«ይህ ነገር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ጉዲፈቻ ነው። የገባችው ባክቴሪያ የቤቱ ልጅ ሆነች። መጤ የሚላት የለም።»

ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ነበር። ሰረዝኩት። እንደገና ሰረዝኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ስሰርዝ ወረቀቱ ተቀደደ።

ከጎኔ ቆማ ታይ ነበር።

«ምሳሌው ተሳሳተ፣ አባ?»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ሳይንስ አይደለም።»

«ባለፈው ሳምንት ‹ለሰው በሚያውቀው አስረዳው› ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ዘርፈሽ፣ አይሆንም አልኩ!» ጮህኩባት። በልጅነቷ እንኳ ጮኼባት አላውቅም። ወረቀቱን ሰበሰበች። አላኮረፈችም፣ አላለቀሰችም። ያየችኝ እንደ ታመመ ሰው ነው። «እሺ አባ» ብላ ውኃ አመጣችልኝ።

ሚያዝያ 16

ጠዋት ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። አልጠየቅኋትም። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። ማን እንደተረተው እንጃ፣ የእኔን ዝምታ አላየም። ቢሰነጥቁት ዱቄት ነው የሚወጣው።

ሚያዝያ 25

ተረፋ ደጅ ላይ። አልገባም። «ባርሲሳ፣ ከአልጋ መነሳት ትታለች» ብሎ ሄደ።

ወርቂቱ ሰምታለች። እራት አልበላችም። እኔም። ዘርፈሽ ሁለታችንንም እያየች ለብቻዋ በላች።

ግንቦት 2

ዛሬ ኦቦ ሞረዳ ዘንድ፣ ባኬ ጃማ፣ ሄድኩ። ኦቦ ሞረዳ የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ ናቸው፣ የመሐላውም። በኦሮምኛ ነው የተነጋገርነው፣ እኔ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

«ኦቦ፣ ያሰራችሁን ቃል ፍቱልኝ» አልኳቸው። ድርቤን፣ ሕመሟን፣ ሁሉን ነገርኳቸው። ሳንባውን ምክንያት እንዳደረግሁም ነገርኳቸው። ሳልጨርስ ማልቀስ ጀመርኩ። ሃምሳ ሊሆነኝ ነው።

«ያን ቃል ለምን ያሰርነው ይመስልሃል?» አሉ።

«እንዳትሄድብን።»

«አይደለም። ሰው እንዳያሳንሳት ነው። ነገ ጎረቤት ‹አንቺ እኮ የሰው ነሽ› እንዳይላት ነው። አጥር ያጠርነው ለእሷ ነው፣ ለአንተ አይደለም።» ዘንጋቸውን አንስተው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «በዚህ ሰሞን ከቤትህ ስለዚህ ነገር የመጣኸው ሁለተኛው ሰው ነህ። ለመጀመሪያው የመለስኩለትን ለአንተም እመልስልሃለሁ። ቃሉ አባትና እናት ይዘዋት ሲሄዱ ይፈታል። ለብቻዋ ከሆነ አይፈታም።»

ወርቂቱ ቀድማኝ መሄዷን ስላልነገረችኝ ቅር ብሎኝ ቤት ገባሁ። ጠየቅኋት። «እኔ ኦቦ ሞረዳን ከፋሲካ ወዲህ አላየኋቸውም» አለች። አዲስ ውሸት ለምን እንዳስፈለጋት አልገባኝም።

ግንቦት 8

አራት ቀን ቀረው። የ«ለ» ነቀዞች እየዘገዩም ቢሆን ይራባሉ። መጽሔቱ እንዲህ እንደሚሆን ጽፎት ነበር፣ እኔ ግን በልቤ ያልቃሉ ብዬ ነበር። ገረጡ እንጂ አልሞቱም።

ይህን ለራሴ ደጋግሜ እለዋለሁ። ቤቱ ቤተኛውን ቢያጣ ይገረጣል፣ አይሞትም።

አላሳመነኝም።

ግንቦት 12፣ የወላጆች ቀን

እኔ በአማርኛ ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ። «አዝጋሚ ለውጥ» አላልኩም፤ «ብዙ ሺህ ዘመን» አልኩ። ዲሬክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው እርስ በርስ ተያዩ።

ከዚያ ጠርሙሶቹ ወዳሉበት ጠረጴዛ መጡ። ዘርፈሽ ቆማ ነበር። አንዲት አሮጊት ወደ ጠርሙሱ ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ «ልጄ፣ ይህ የእኔ ቤት ጠላት አይደለም ወይ?» አሏት። ዘርፈሽ ሳቀች፤ ወደ ዲሬክተሩም ወደ እኔም ሳታይ በኦሮምኛ ጀመረች። እንደ እሷ ጥርት አድርጎ ያስረዳ የለም። መርፌ ቢወድቅ ይሰማ ነበር።

«ጉዲፈቻ ናት፣ ሃርሜ» አለች፤ እናቴ ማለቷ ነው። በቀይ የቀደድኩትን ገጽ በቃሏ ይዛዋለች። «የገባችበት ቤት ልጅ ናት። ቤቱም ያለ እሷ ይገረጣል፣ ያቺን ጠርሙስ እዩ። እሷም ያለ ቤቱ አትኖርም።»

«የወጣችበትንስ ረሳችው?»

«የነቀዟን አላውቅም። በእያንዳንዳችን ሴል ውስጥ ያለችው ግን ብዙውን ጥላዋለች፤ ትንሽ የራሷን ዘር እስከ ዛሬ ይዛለች። አንድ ቁራጭ። ሊቃውንቱም ከሌላ ቤት መምጣቷን የጠረጠሩት በእሷ ነው። መያዟ ቤቱን አልጎዳውም።»

አሮጊቷ «ወይ ነቀዝ! ይህን ያህል ቁም ነገር አለው?» ብለው ሴቶቹን አሳቁ። ማንም አልተቆጣም። ኦቦ ሞረዳ ከኋላ ቆመው ነበር። እኔን ብቻ ያዩኝ ነበር።

ዲሬክተሩ ሰኞ ቢሯቸው እንድቀርብ አዘዙኝ። እቀርባለሁ። ዛሬ እሳቸውን ለመፍራት ቦታ የለኝም።

ግንቦት 13፣ እሑድ

የሆነውን በሙሉ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ።

ጠዋት ወርቂቱና እኔ ዘርፈሽን አስቀመጥናት። ሳምንቱን ሙሉ የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ። ከባክቴሪያ ጀመርኩ፣ ወደ ጊዳ አያና ሳልደርስ ተወላገደብኝ። ወርቂቱ እጄን ያዘችና እሷ ጨረሰችው፦ «ልጄ፣ ሌላ እናት አለችሽ። ታማለች። ኡኬ ናት። ይዘንሽ ልንሄድ ነው።»

ዘርፈሽ አልጮኸችም። ሁለታችንን በተራ አየችን። ከዚያ ወደ እግሬ ተመለከተች።

«አባ፣ ጫማህን ቀይር። ከመንገዱ ወደ ታች ጭቃ ነው» አለችኝ።

ወርቂቱ ቀና ብላ አየቻት። እኔ ጫማዬን ቀየርኩ።

በጭነት መኪና ኡኬ ወረድን። አስፋልት ከሌለው ከዚያ መንገድ ወደ ቀኝ የምትታጠፍ ቀጭን መሄጃ አለች። ዘርፈሽ ማንንም ሳትጠይቅ ታጠፈች። ቤቱ ጋ ስንደርስ ትልቅ ቡላ ውሻ ዘሎ ወጣ። ወርቂቱና እኔ ላይ ጮኸ፤ ጥርሱን አሳየን። ዘርፈሽን ግን አሽትቶ ጭራውን ቆላና ከፊቷ ከፊቷ እየሄደ ወደ በሩ መራት።

ዱላዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከመዘምራኑ ጋር ነኝ ብላ ስንት ቅዳሜ እንደወጣች በልቤ መቁጠር ጀመርኩና ተውኩት።

ከቤት አንዲት ወጣት ሴት ወጣች፣ የድርቤ ትልቋ ልጅ። ወርቂቱ «ዋቃዮ!» ብላ አፏን ያዘች። ዘርፈሽ ከዐሥር ዓመት በኋላ የምትመስለው ይህንን ነው። አፍንጫው፣ ግንባሩ፣ አቋቋሙ ሳይቀር።

ድርቤ መደብ ላይ ተጋድማለች። አጥንት ብቻ ናት። ሲያዩን ዓይኖቿ በሩ። «ባጋ ነጋን ዱፍተን» አለች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ ወደ እኔ ዞረች።

«ባርሲሳ፣ ነቀዞቹ ደኅና ናቸው? የገረጡት በረሩ?»

«አልበረሩም» አልኩ።

«ምላሴ ይመስክር፣ ለልጅቱ አንድም ቀን አልተናገርኩም» አለች። «ከመዘምራኑ ጋር ልትጸልይልኝ መጣች። እህቷን አየች። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው መጣች። በቆሎ ስፈለፍል አብራኝ ትፈለፍላለች፣ አትጠይቀኝም፣ አልነግራትም። እሷን መች አስጠራሁ? እሷማ ነበረች። ‹ይዘው ይምጡልኝ› ያልኩት እናንተን ለማየት ነው። ልጄን ማን እንዳሳደጋት ሳላይ እንዳልሞት።»

ወርቂቱ መደቡ ላይ ወድቃ አቀፈቻት። ሁለቱ ሴቶች የሚሉትን አልሰማሁም። እኔ ወጥቼ ጎተራው ሥር ተቀመጥኩ። ሦስት ወር ሙሉ የሸሸሁት ይህንን ነው? የሞት ዐልጋ ላይ ያለች ሴት ልታመሰግነኝ ፈልጋ ነበር።

ዘርፈሽ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ኦቦ ሞረዳ ዘንድ ቀድመሽኝ የሄድሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ። ‹ለብቻሽ አይፈታም፣ ይዘውሽ እስኪመጡ ጠብቂ› አሉኝ። እንዳትደነግጡ በቀስታ ልነግራችሁ ሞክሬ ነበር፣ አባ። በጠርሙሱ ወረቀትም፣ በጽሑፉም።»

«እኔ ሰረዝኩት።»

«ወረቀቱን ቀደድከው» አለችና ሳቀች። ከዚያ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ውሻው እግሯ ሥር ተኝቶ እኔን በጎሪጥ ያየኛል። «ማታ የመጨረሻው መኪና በዐሥራ አንድ ሰዓት ነው የሚያልፈው» አለች። «እንዳያመልጠን። ነገ ፈተና አለብኝ።»

ግንቦት 28

ድርቤ ባለፈው ማክሰኞ ዐረፈች። ቀብሩ ላይ ዘርፈሽ በእህቷና በወርቂቱ መሐል ቆመች። ማንም ምንም አላለም።

ዛሬ ለክረምቱ ላቦራቶሪውን ስዘጋ ጠርሙሶቹን አየሁ። የ«ሀ»ን ወረቀት ልጄ ቀይራዋለች። ሕጉ ምንጭም ተንከባካቢም በስም ይጻፍ ይላል፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀይ እስክሪብቶዬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ምንጭ፦ ኡኬ፤ የእናቴ ጎተራ።
ቀን፦ የካቲት 4 ቀን 1964።
ተንከባካቢ፦ አባቴ።

አላረምኩትም።